ጠገራዋን ፍለጋ

አንድ ቅዳሜ ሙሉ ቀን ከሱሉልታ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ፉሪ፣ ከፉሪ ተመልሼ ሱሉልታ የተንከራተትኩት አንዲት የተበሳች የብር ሳንቲም ፍለጋ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እኔም ሌላ ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ግን ሆነ። ያን ቀን ሳስታውሰው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ያኔ ሰበታ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ላይ እንከን ስፈልግ እውልና ማታ ወደ ተከራየኋት አንዲት ክፍል እገባለሁ። ይህ አመል ከፋብሪካው ግቢ ውጭም ይከተለኛል፤ ሰው ሲሳሳት ካየሁ ሳላርም አላልፍም። ጓደኞቼ "መቅደስ መጣች፣ አፋችሁን ጠብቁ" ይሉኝ ነበር። አባቴ ደግሞ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሱሉልታ ነው የሚኖረው። ዕድሜ ልኩን በግንበኝነት ሠርቷል። እናቴ ካረፈች በኋላ "እኔ ዘንድ ና" ብዬ ብለምነው፣ በገዛ እጁ ካቆማት የድንጋይ ቤት ንቅንቅ አልልም አለ። ስኳር እንዳለበት ከታወቀ ቆይቷል። መድኃኒቱን ግን የሚወስደው ሲመቸው ነው። "ዛሬ ደህና ነኝ" ካለ አይውጠውም። በስልክ እጨቀጭቀዋለሁ፣ "እሺ" ይለኛል፣ ስልኩን ይዘጋል፣ አይውጠውም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ዘፍዝፌ ላጥብ ስል ስልኬ ጮኸ። የአባቴ ጎረቤት አዴ ጫልቱ ናቸው። አባቴን እንደ ወንድማቸው የሚያዩ፣ ምሳውን ሠርተው የሚያደርሱለት ሴት ናቸው።

"መቅዲ፣ ማሎ ኮቱ። ነይ ልጄ" አሉኝ፣ እንደልማዳቸው ኦሮምኛውን ካማርኛው እያደባለቁ። "የአባትሽ እግር ይሸታል።"

"ምን ሆኖ ነው የሚሸተው?"

"ቁስል ነው። ስጠይቀው 'አያመኝም፣ ምንም አይደል' ይለኛል። ዛሬ ጠዋት ላየው ስገባ ግን ሽታው በር ላይ ተቀበለኝ። ነይና እይው።"

ልብሱን እንደተዘፈዘፈ ትቼ ወጣሁ። ስደርስ አባቴ ደጃፉ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ቀኝ እግሩ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል። ያ የማይለየው የሥራ ጫማው አጠገቡ ቆሟል።

"አባዬ፣ እስቲ እግርህን ልየው።"

"ሰላምታ የሚባል ነገር ቀረ?"

"ሰላም ነህ? በል አሁን እግርህን ልየው።"

እያጉረመረመ ፈታልኝ። ከአውራ ጣቱ ሥር፣ መርገጫው ላይ፣ ዙሪያው የጠቆረ ጉድጓድ አለ። ጣቱ አብጦ ወይን ጠጅ መስሏል። ሽታውን አልነግራችሁም። ፊቴን ላዞር ብዬ፣ እንዳይከፋው ስል ትንፋሼን ውጬ አየሁት።

"ይሄ መቼ ነው የጀመረህ?"

"ቆየት ብሏል። አያመኝም እኮ! ቢያመኝ ዝም እላለሁ?"

"ተነስ። ሆስፒታል እንሄዳለን። አሁኑኑ።"

"ጠገራዋ ትምጣ መጀመሪያ" አለኝ፣ ጨርቁን መልሶ እየጠቀለለ።

እዚህ ላይ ስለ ጠገራዋ ልንገራችሁ። ጠገራ የድሮ መገበያያ ናት፤ የባዕድ አገር ንግሥት ምስል ያለባት፣ መዳፍ ላይ የምትከብድ ብር። የእኛዋ ከአያቴ የመጣች ናት፤ በአንገት ጌጥነት ታስራ ስለነበር አናቷ ላይ ተበስታለች። በእኛ ቤት ግን ጌጥም ገንዘብም ሆና አታውቅም። መድኃኒት ናት። ልጅ ሆኜ ጉልበቴ ሲላላጥ ጠገራዋ በተነከረችበት ውኃ ይታጠብልኛል። እብጠት ሲወጣብኝ በጨርቅ ተደርጋ ትታሰርብኛለች። ብር ካለበት መግል አይቆይም፣ ይላል አባቴ። ዘመዱም ጎረቤቱም ያምንበታል። ስለዚህ ጠገራዋ ቤት ተቀምጣ አታውቅም። አንዱ ይዋሳታል፣ ሌላው ይረከባታል።

"አሁን የት ነው ያለችው?"

"አስካለ ናት የወሰደቻት።" አስካለ ቡራዩ የምትኖር ታናሽ እህቱ ናት።

ደወልኩላት። ስልኳ ዝግ ነው።

ተከራከርኩ። እግር በሳንቲም እንደማይድን፣ ስኳር ያለበት ሰው ቁስል እንደሌላው ሰው እንዳልሆነ፣ ያነበብኩትንም የሰማሁትንም ዘረገፍኩት። አባቴ ዝም ብሎ ይሰማኛል። ስጨርስ "ጠገራዋ ትምጣ" ይለኛል። በደጅ የሚያልፍ አንድ ጎረቤት ቆም ብሎ ሰላም ካለን በኋላ ጉዳዩን ሰማና "ብርማ ጥሩ ነው፤ ለቁስል እሱን የመሰለ የለም" ብሎልኝ ሄደ። የሚያግዘኝ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር እኮ!

በመጨረሻ ተሸነፍኩ። "እሺ፣ ሄጄ አመጣልሃለሁ። ስትመጣ ግን ወዲያው ትነሳለህ። መኪና ውስጥ እሰራት፣ ሆስፒታል እሰራት፣ እንደፈለግህ። ቃልህን ስጠኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ! ሂጂ አምጪ።"

አዴ ጫልቱ "ሂጂ ልጄ፣ እኔ አጠገቡ አለሁ" አሉኝ። ከእሱ ጋር ስጨቃጨቅ ከምውል መሄዱ ይሻላል ብዬ ወጣሁ። ጎትቼ አልወስደው ነገር፣ ግዙፍ ሰው ነው።

ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ፣ ከዚያ ዊንጌት፣ ከዚያ አስኮ፣ ከዚያ ቡራዩ። በየታክሲው ሰልፍ ላይ ቆሜ የአባቴ ጣት ዓይኔ ላይ ይመጣብኛል። አጠገቤ የነበረች ሴት "ደህና አይደለሽም እንዴ?" ብትለኝ ምን ልበላት? "ሳንቲም ፍለጋ ነው" ልበላት?

አክስቴ በሩን ከፍታ ስታየኝ በደስታ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ስልኳ ዘይት ውስጥ ወድቆባት ኖሯል።

"አክስቴ፣ ጠገራዋን ስጪኝ። አባዬ እግሩ ቆስሏል፣ ቸኩያለሁ።"

"ውይ ወንድሜን! ግቢና እህል ቅመሺ።"

"አልበላም። ጠገራዋን።"

"ሳትበዪማ አትሄጂም" ብላ ወጥ ልታሞቅ ገባች። ወጡን እያማሰለች ጠገራዋ የነበረችበትን ውኃ ጠጥታ ሆዷ እንዴት እንደተሻላት ትተርክልኛለች። እኔ በቁሜ እቃጠላለሁ።

"አክስቴ፣ ስሞትልሽ፣ የት ናት?"

ማማሰያውን እንደያዘች ቆም አለች። "ውይ! ለዝናሽ ሰጥቻት የለም እንዴ! ባሏ ክንዱ ተቃጥሎ አሳዘነችኝና።"

"ዝናሽ ጎረቤትሽ?"

"ጎረቤቴ ነበረች። አሁንማ ቤት ሠርተው ፉሪ ገብተዋል።"

ፉሪ! ፉሪ ማለት እኮ እኔ ሰበታ ካለው ቤቴ አንድ ታክሲ ይዤ የምደርስበት ቦታ ነው! ጠዋት ከአልጋዬ ስነሳ ጠገራዋ አጠገቤ ነበረች ማለት ነው። እኔ ግን ተራራውን አቋርጬ ሱሉልታ፣ ከዚያ ቡራዩ ደርሻለሁ። የምስቅ ይሁን የማለቅስ ጠፋኝ። አክስቴ በግድ ካጎረሰችኝ አንድ ጉርሻ ጋር ደብተሯ ላይ ያገኘችልኝን የዝናሽን ስልክ ቁጥር ይዤ እየሮጥኩ ወጣሁ።

ዝናሽ ፉሪ ዳገቱ ላይ፣ ግማሹ ገና ያልተለሰነ ቤቷ ደጃፍ ጠበቀችኝ። ባሏ ግርማ ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ የጋለ ብረት ክንዱ ላይ ወድቆበት ኖሯል። ሲያሳየኝ ቁስሉ ጥሩ ድኗል፣ አዲስ ቆዳ ይዟል።

"ጠገራዋ ናት" አለች ዝናሽ፣ ከአንድ ጣሳ ውኃ ውስጥ እያወጣቻት። "በሷ ውኃ ነው የማጥበው።"

ዓይኔ መስኮቱ ላይ ያለ የተጨማደደ የቅባት ቱቦ ላይ አረፈ። "ይሄስ?"

"እሱን ጤና ጣቢያ ነው የሰጡኝ" አለ ግርማ። "ጠዋት ማታ እቀባዋለሁ።"

"ታዲያ ቅባቱ ነዋ ያዳነህ!"

ዝናሽ ሳቀችብኝ። "ቅባቱማ ለመጣው ሰው ሁሉ ነው የሚሰጡት!"

ቱቦውን አንስቼ አነበብኩት። በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው ሲልቨር ይላል። ደግሜ አነበብኩት። ብር ነው። ሐኪሞቹ የሰጡት ቅባት ራሱ ብር ያለበት ነው።

ሳላስበው "ቅባቱ ውስጥም ብር አለ" አልኩ።

"አየሽ!" አለች ዝናሽ፣ ሁለት እጆቿን እያጨበጨበች። "አላልኩሽም?"

ጠገራዋን ተቀበልኳት። ብስቷ ውስጥ ጥቁር እድፍ ተጠቅጥቋል። የስንቱ ሰው ቁስል ላይ ታስራ እንደኖረች አሰብኩ። በፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳትና መንገዱን እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። የሱሉልታ ታክሲ ሰልፍ ደግሞ ጫፉ አይታይም። ትዕግሥቴ ሲያልቅ አንድ የኮንትራት መኪና ይዤ፣ ከሾፌሩ ጋር በደርሶ መልስ ተስማማሁ።

ቤት ስደርስ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። አባቴ ጋቢ ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ግንባሩን ስነካው እሳት ነው። አዴ ጫልቱ "ከሄድሽ በኋላ ነው የጀመረው፣ ያ ዋቅ! አምላኬ!" እያሉ ፎጣ በውኃ ይነክራሉ።

ጠገራዋን እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላበጣት፣ በአውራ ጣቱ ዳበሳት፣ እግሩ ላይ አደረጋትና በጨርቅ ጠቅልሎ አሰራት።

"በል አባዬ፣ መኪናው ውጭ ቆሟል።"

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አለኝ። "ቅዳሜ ጥሩ ሐኪም አይገኝም። ሰኞ እንሄዳለን።"

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ያን ሁሉ ዞሬ! መሬቱ ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። መጮህ ጀመርኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም፤ "ቃልህ የታለ!" ማለቴን፣ "ሞተህ ልታሳየኝ ነው ወይ!" ማለቴን አስታውሳለሁ። የኮንትራቱ ሾፌር ሳይቀር በሩ ላይ መጥቶ አንገቱን አስግጎ አየን። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ሲዘጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክርክር ያልሆነ ነገር ከአፌ ወጣ።

"አባዬ፣ ምን ፈርተህ ነው?"

ጠገራዋን በጨርቁ ላይ ዳበሳት። አዴ ጫልቱ ፎጣውን ይዘው እንደቆሙ ቀሩ።

"ኦቦ ገመቹን ታስታውሻለሽ?" አለኝ በመጨረሻ። አስታውሳለሁ፤ አብሮት ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ጓደኛው ነበር። "በጣቱ ነው ሆስፒታል የገባው። በትንሽ ቁስል። አንድ እግሩን አስቀርተው ነው የመለሱት። ከዚያ ቤት ዋለ፣ ሰው መጠየቅ ተወው፣ ሞተ። እኔን ቆርጠው እዚህ በርጩማ ላይ ሊያስቀምጡኝ ነው።" ደግሞ ጨመረበት። "ጠገራዋን ፍለጋ ስልክሽ ቶሎ እንደማታገኚያት አውቅ ነበር። ቀኑ ይሄድልኛል ብዬ ነው።"

ጉድ በሉ! ሆን ብሎ ነው የላከኝ! እጄን አንስቼ ደረቴን መታሁ። ግን ንዴቴ መሐል ዓይኑን አየሁት። የፈራ ሰው ዓይን ነው። ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

"አባዬ፣ አልዋሽህም" አልኩት። "ይቆርጡ ይሆናል፣ አይቆርጡ ይሆናል፣ እኔ አላውቅም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። አንተ በአፍህ እሺ ሳትል ማንም አይነካህም። በሩ ላይ እኔ እቆማለሁ።"

"ትቆሚያለሽ?"

"እቆማለሁ። ደግሞ ዛሬ ፉሪ ምን እንዳየሁ ታውቃለህ? ለተቃጠለ ሰው ብር ያለበት ቅባት ሰጥተውታል። ሐኪሞቹ። ለአንተ ይሁን አይሁን ግን ራስህ ትጠይቃቸዋለህ።"

ቀና አለ። "ሐኪሞቹ ብር ይሰጣሉ?"

"ይሰጣሉ።"

"ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ምን ትጨቀጭቂኛለሽ? እኔስ ምን አልኩ!"

አዴ ጫልቱ በፎጣው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባቴ ጫማውን አምጡልኝ አለ፤ ከነጨርቁ፣ ከነጠገራዋ እግሩን ከተተና ተደግፎን ወደ መኪናው ገባ።

አዲስ አበባ፣ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ጨርቁን ስትፈታ ጠገራዋ የብረት ትሪው ላይ ወድቃ አቃጨለች።

"ይሄ ምንድን ነው አባባ?"

"ብር ናት" አለ አባቴ ኮራ ብሎ። "እናንተም ትሰጣላችሁ አሉ።"

ስቃ ወይም ተቆጥታ የምትመልስ መስሎኝ ተሸማቀቅሁ። እሷ ግን ሳንቲሟን አገላብጣ አየቻት። "እውነት ነው፣ ብር ጀርም ይገድላል። በአንዳንድ ቅባታችንና የቁስል ማሸጊያችን ውስጥ አለ። ግን የእኛ ንጹሕ ነው፣ መጠኑም የታወቀ ነው። ይቺ ስንት ሰው ቁስል ላይ ነበረች?"

አባቴ መቁጠር ጀመረና ተወው።

"የእርስዎ ቁስል ደግሞ ወደ ውስጥ ሄዷል። ላይ ላዩን የሚደረግ ነገር፣ ብርም ሆነ ሌላ፣ እዚያ አይደርስም። አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ። ስነካዎት ይንገሩኝ።"

አንድ ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ይዛ የእግሩን ጣቶች፣ ተረከዙን፣ መሐሉን ነካካች። አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። ዝም ብሎ ይጠብቃል።

"መቼ ነው የምትጀምሪው?" አላት።

እኔና እሷ ተያየን። ጨርሳ ነበር።

ቀጥሎ ጫማውን ጠየቀች። አቀበልኳት። እጇን ወደ ውስጥ ከታ መዳበስ ጀመረች፤ ፊቷ ተለወጠ። እጄን ያዘችና እንድዳብስ አደረገችኝ። ከሶሉ ወደ ውስጥ የበቀለ የሚስማር ጫፍ ነው፤ ልክ ከአውራ ጣቱ ሥር።

"አባባ፣ በዚህ ነው የሚሄዱት?"

አባቴ ራሱ እጁን ከተተ። ሚስማሩ ጣቱን ሲወጋው ደንግጦ አወጣው። እጁ ይሰማዋላ! ጫማውን ጭኑ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ይሄን ሁሉ ጊዜ ረግጬው ነው የምሄደው?" አለ።

"ስኳሩ የእግርዎን ነርቭ አደንዝዞታል። 'አያመኝም' የሚሉት ደህና ስለሆኑ አይደለም። እግርዎ ሊነግርዎ ስላልቻለ ነው።"

ከላይ ጠገራ ያስራል፣ ከሥር ሚስማር ይረግጣል። በየቀኑ! አንድም ሰው፣ እኔም አዴ ጫልቱም እሱም፣ ጫማውን አንስተን አላየንም።

ሐኪሟ አልደበቀችውም። ጣቱ መትረፉን እንደምትጠራጠር፣ እግሩን ግን ለማዳን ጊዜ እንዳለ፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ግን ይህን ለማለት እንደማትደፍር ነገረችው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ምላሴን ነክሼ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ከባድ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

"ጣቴን ውሰጂ" አላት። "እግሬን ግን ተይልኝ።"

እንዳለው ሆነ። አውራ ጣቱ ተቆረጠ፣ እግሩ ተረፈ። ሆስፒታል በሰነበተበት ጊዜ አንድ ቀን ነርሷ ቁስሉን ልታሽግ ስትመጣ፣ አባቴ የማሸጊያው ጨርቅ ምን እንዳለበት ጠየቃት። "ብር ያለበት ነው አባባ" ብትለው፣ አንሶላው ውስጥ እንዳለ ወደ እኔ ዞሮ "እ?" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለጠያቂ ሁሉ የሚያወራው እሱን ብቻ ነበር። ስለ ሚስማሩ አንድም ቃል የለም! "ሐኪሞቹም እኔ ያልኩትን ነው ያደረጉት" እያለ ሲተርክ፣ እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ግድግዳውን አያለሁ።

ያ ቀን ኑሮዬን ገለባበጠው። የሰበታውን ሥራ ለቅቄ አዲሱ ገበያ አንድ የጨርቅ መደብር ገባሁ፤ አሁን ከአባቴ ጋር ሱሉልታ ነኝ። እንጣላለን። በመድኃኒት እንጣላለን፣ በስኳር ሻይ እንጣላለን። ነገር ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ፦ ያን ቀን ጠዋት ያወረድኩበት እውቀት ሁሉ ትክክል ነበር፣ አንዱም ግን ከበርጩማው አላነሳውም። ያነሳው አንድ ጥያቄ ነው። ጠዋት ብጠይቀው ኖሮ ጣቱ ይተርፍ ነበር ወይ ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ሐኪሟንም አልጠየቅኋትም።

እናንተ ስኳር ያለበት አባት ወይም እናት ያላችሁ፣ በስልክ "እግርህ ደህና ነው?" ብላችሁ "አዎ" ሲላችሁ አትመኑ። ውሸቱን አይደለም፤ አያውቀውም። ሂዱና ካልሲውን አስወልቁ፣ በጣቶቹ መሐል እዩ፣ መርገጫውን እዩ፣ እጃችሁን ጫማው ውስጥ ከታችሁ ዳብሱ። ይቆጣችኋል። "ሕፃን አደረጋችሁኝ" ይላችኋል። ይበል።

የእኔው አባት አሁን ከእኔም ብሷል። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አብረን ሄደን ሳለ ጠፋብኝ። ብፈልገው በር ላይ አጎንብሶ ተቀምጧል። የወለቀውን የለቀስተኛ ጫማ አንድ በአንድ እያነሳ ውስጡን ይዳብሳል። ሰው ሁሉ ያየዋል። እኔ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው? ተነስ እንጂ!"

"ቆይ" አለኝ ቀና ሳይል። "ገና አልጨረስኩም።"